ሳልሄድ የቀረሁበት መዝገብ ቤት

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ጠበቃ «ጋሼ፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የፍርድ ቤት ውሳኔውን አሳጥሮ ከነገረኝ ሙሉውን ማንበብ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። ቶሎ አልመለስኩላትም። የድሮ ጉዴ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት ቤቱን ይልቀቁ ተብለው ተከሰው መጡ። የመልስ ማስገቢያው ቀን ደርሶብኛል። አንድ ባልደረባዬ የጻፈው የቆየ ክርክር ውስጥ ለጉዳያችን ልክክ የሚል ውሳኔ ተጠቅሶ አገኘሁ። የመዝገብ ቁጥሩን ገልብጬ አስገባሁ። መዝገብ ቤቱ መንገድ ማዶ ነበር። ሠራተኛው ነጭናጫ ነው፣ አንድ መዝገብ ለማውጣት ግማሽ ቀን ያስጠብቃል። (ኋላ ወዳጄ ሆነ። የመዝገብ ቁጥር እንደሱ በቃሉ የሚያውቅ ሰው አላየሁም።) አልሄድኩም።

በክርክሩ ቀን የከሳሽ ጠበቃ ተነስቶ ውሳኔው በይግባኝ መሻሩን ተናገረ። ግልባጩንም አቀረበ። ዳኛው ቀና ብለው አዩኝና ዝም አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የተሻለ መከራከሪያ ነበረን፤ በዚያ ውሳኔ ተማምኜ በመልሴ ላይ ሳላነሳው ቀርቻለሁ። ተፈረደባቸው። ስንወጣ «ምን አሉ ልጄ?» አሉኝ። «ሕጉ እንዲህ ነው እማማ» አልኳቸው። ስንፍናዬን በሕጉ አሳበብኩ። እውነቱን ሳልነግራቸው አረፉ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ቻትጂፒቲ የተባለው ኤአይ ከራሱ የፈጠራቸው ውሳኔዎች ለፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረቡ። ጽሑፉን ያዘጋጀው ጠበቃ ከ30 ዓመት በላይ የሠራ ሰው ነው። ውሳኔው እውነተኛ ነው ወይ ብሎ መልሶ የጠየቀው ያንኑ ቻትጂፒቲን ነበር፤ አዎ አለው። እሱና ባልደረባው 5,000 ዶላር ተቀጡ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔን ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

መሣሪያው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ የሌለ መዝገብም ሲጠቅስ ቁጥሩ ያምራል። እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ ያማረ ነገር ቶሎ ታምናላችሁ። የደንበኛን ምስጢር አታስገቡበት የሚለውን አልደግምም፣ ታውቁታላችሁ። እኔ የምወድለት አንድ ነገር አለ፦ ክርክሬን ሰጥቼ «የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ሁንና አፍርሰው» እለዋለሁ። አንዳንዴ ላቤ ጠብ ይላል። የመጀመሪያውን ረቂቅ ግን ራሳችሁ ጻፉ። እርግጥ እኔም ሲመሽብኝ እሱን አስጽፌ አውቃለሁ።

ልጅቷን ሙሉውን ውሳኔ አምጪው አልኳት። አጠገቤ ቁጭ ብላ አነበበች። የኤአይ ማጠቃለያው የፍርድ ቤቱ አቋም ያደረገው ነገር የይግባኝ ባዩ ክርክር ሆኖ ተገኘ። ፍርድ ቤቱ ውድቅ አድርጎታል።

«ይሄማ ለተቃራኒ ወገን ነው የሚጠቅመው» አለች።