ጅማ ከመካከለኛው ዘመን ሱልጣኔቶች መካከል ለምን አትጠቀስም?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የታሪክ መምህር ነኝ። በቅርቡ ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ካስጎበኘኋቸው በኋላ አንዲት ተማሪ በቂ መልስ ልሰጣት ያልቻልኩትን ጥያቄ አነሣች። «ኢፋት፣ ደዋሮ፣ ባሊና ሐዲያ በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የሙስሊም ግዛቶች ናቸው ተብለን ተምረናል፤ የእኛዋ ጅማ ለምን አብራ አትጠራም? ደግሞስ እነዚያን ግዛቶች የባግዳድ ኸሊፋ ይገዛቸው ነበር ወይ?» አለችኝ። አጣርቼ እነግርሻለሁ ብያታለሁና እርዱኝ። (መምህሩ፣ ከጅሬን)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የተማሪዎ ሁለት ጥያቄዎች የተያያዙ ስለሆኑ ከኋለኛው ብንጀምር የፊተኛውም አብሮ ይፈታል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባግዳድ ኸሊፋ፣ ማለትም የሙስሊሙ ዓለም የበላይ መሪ፣ የኢትዮጵያን ደጋ ገዝቶ አያውቅም። ባግዳድ በ762 በአባሲዶች (በኸሊፋዎቹ ሥርወ መንግሥት) ተቆርቁራ በ1258 በሞንጎሎች እጅ እስክትወድቅ ድረስ በነበሩት አምስት መቶ ዓመታት ገደማ ውስጥ፣ በአገራችን የተነሡት የሙስሊም መንግሥታት የየራሳቸው ሥርወ መንግሥት ነበራቸው። ከእነዚህ ቀደም ካሉት አንዱ የሸዋ ሱልጣኔት ሲሆን ገዢዎቹ መኽዙሚ ይባላሉ፤ ዘራቸውንም በመካ ከነበረው የቁረይሽ ነገድ፣ ከመኽዙም ወገን ይቆጥሩ ነበር። ስለ እነርሱ ልናውቅ የቻልነው አንድ አጭር የዐረብኛ ዜና መዋዕል ከዘመን ብዛት ተርፎ ስለደረሰን ነው። ጽሑፉ መንግሥቱን እስከ 9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ከገዢዎቹም መካከል በ1063 ያረፈችውን ባዲት የተባለች ንግሥት ይጠቅሳል። አንዲት ሙስሊም ንግሥት ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሸዋ ምድር እንደገዛች ለሴት ተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው፣ ከብዙ የነገሥታት ስም ዝርዝር ይልቅ በልባቸው የሚቀር ይመስለናል። ይህ ሱልጣኔት በእርስ በርስ ጠብ ተዳክሞ በ1285 የኢፋቱ ዑመር ወላስማ ጠቀለለው፤ የወላስማ ቤትም ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን የሙስሊሞች አለቃ ሆኖ ቆየ።

ተማሪዎ የጠቀሰችው ዝርዝር የመጣው ከአንድ ሰው ብዕር ነው ማለት ይቻላል። እርሱም በ1301 ተወልዶ በ1349 የሞተው፣ በካይሮና በደማስቆ፣ ግብፅንና ሶርያን ይገዙ በነበሩት በመምሉኮች ቤተ መንግሥት በጸሐፊነት ያገለገለው ሺሃቡዲን አል-ዑመሪ ነው። አል-ዑመሪ አገራችንን በዓይኑ አላየም። ነገር ግን ሼኽ ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒ ከተባሉ የአገራችን ዓሊምና ከሌሎችም ሰዎች እየጠየቀ ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን መዘገበ፤ እነርሱም ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሐዲያ፣ ሸርኻ፣ ባሊና ዳራ ናቸው። የኢፋት ሕዝብ የሻፊዒይ መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ዘርፍ) ተከታይ ሲሆን የሌሎቹ ሐነፊ መሆኑን፣ በኢፋት የግብፅ ዲናርና ዲርሀም ሲሠራበት በሌሎቹ ዘንድ ግን በብረት ቁራጭ ሳይቀር ይገበያዩ እንደነበር፣ ጫት የሚባል ቅጠል እንደሚበላ ሁሉ ጽፏል። ሰባቱም ነገሥታት «ሐጢ» ብሎ ለሚጠራው የክርስቲያን ንጉሥ፣ ማለትም ለሐፄው፣ ግብር ይከፍላሉ ይላል። ቢተባበሩ ኖሮ ራሳቸውን መከላከል በቻሉ ነበር፤ ያዳከማቸው መለያየታቸው ነው ሲልም ፍርዱን ያክላል። ዘመኑ ዐፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344) የነገሡበት፣ በ1332ም ከኢፋቱ ገዢ ከሰብረዲን ጋር የተዋጉበት ዘመን መሆኑን ስናስታውስ የጸሐፊው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባናል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይበት የሚገባ ነገር አለ። ሼኽ ዐብደላህ በካይሮ ሳሉ የሐፄው መልእክተኛም እዚያ ነበር። ሼኹ በሙስሊሞቹ ላይ የሚደርሰው በደል እንዲቆም የእስክንድርያው ፓትርያርክ ለሐፄው ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ሱልጣኑን አስጠየቁ፤ ምክንያቱም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሷን የምትቀበለው ከግብፅ ስለነበር የፓትርያርኩ ቃል በሐፄው ዘንድ እንደሚከበር ያውቁ ነበር። በተቃራኒው ደግሞ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1443 ለግብፁ ሱልጣን ጀቅመቅ በላኩት ደብዳቤ በግብፅ ስለፈረሰ የክርስቲያኖች ገዳም አቤት ሲሉ፣ በግዛታቸው ያሉትን ሙስሊሞች በመልካም እንደያዙ በማንሣት ነበር። የደጋው ክርስቲያንና የኢፋቱ ሙስሊም እርስ በርስ እየተዋጉ እንኳ አቤቱታቸውን ይዘው የሚሄዱት ወደ አንዲት ከተማ ነበር። ስለዚህ የእኛ ሙስሊሞች ከሰፊው የእስልምና ዓለም ጋር የተሳሰሩት በኸሊፋ ሹመት ሳይሆን በንግድ መንገድ፣ በትምህርትና በእንዲህ ያለ አቤቱታ እንደነበር ለተማሪዎ ሊነግሯት ይችላሉ።

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። ጅማ በአል-ዑመሪ ዝርዝር ውስጥ የሌለችው ማንም ስለረሳት ሳይሆን በዚያ ዘመን የጅማ መንግሥት ገና ስላልነበረ ነው። ከሰባቱ ግዛቶች ወደ ምዕራብ የሚጠጋው ሐዲያ ነበር። በጊቤ ማዶ፣ በአሁኑ ሊሙ አካባቢ፣ በወርቁ የታወቀው እናርያ ነበር፤ የእናርያው ገዢ ባዳንቾ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ክርስትና ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ ኦሮሞዎች በጊቤ ሸለቆ ሰፍረው ቆይተው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ብቅ አሉ። በጅማ መንግሥቱን ያጸናው በ1830 ገደማ ሥልጣን የያዘው ቀዳማዊ አባ ጅፋር ሲሆን እስልምናም የቤተ መንግሥቱ ሃይማኖት የሆነው በእርሱ ጊዜ ነው። ከተማሪዎችዎ ጋር የጎበኙት ቤተ መንግሥት ደግሞ ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ነው። ከአል-ዑመሪ ብዕር እስከ ቀዳማዊ አባ ጅፋር አምስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ብቻ ይቀራል። የራስን አገር ለማክበር ሲባል ይህን ርቀት ማጥበብ፣ በተለይ በመምህር አፍ፣ ተገቢ አይመስለንም።

ጥያቄ፦ የአያቴ አባት «ጀበርቲ» ይባሉ እንደነበር ቤተሰቦቼ ያወሩኛል። ቃሉ ነጋዴ ማለት ነው ወይስ የዘር ስም? (አንዲት አንባቢ፣ ከሒርማታ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቃሉ መጀመሪያ የቦታ ስም ነበር። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የዐረብ ጸሐፊዎች ጀበርት የሚሉት ከዘይላ ወደብ ወደ ውስጥ ያለውን የኢፋትን አገር ነው። ከዚያ የሚመጣ ሰው ጀበርቲ ተባለ፤ እየዋለ እያደረ ግን ስሙ ሰፍቶ በክርስቲያኑ ደጋ መካከል የሚኖረውን ሙስሊም ሁሉ የሚጠቁም ሆነ። በደጋው ለሙስሊም የእርሻ ርስት ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበር አብዛኞቹ በንግድና በሽመና ይተዳደሩ ነበር፤ ቃሉ ከነጋዴነት ጋር የተቆራኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

በካይሮው የአል-አዝሀር መስጊድ፣ የግብፅ ገዢዎች የነበሩት ፋጢሚዶች በ970 መሥራት በጀመሩት በዚያ ታላቅ የትምህርት ቤት፣ ከየአገሩ የሚመጡ ደረሶች የሚያድሩበትና የሚማሩበት ሪዋቅ የሚባል ክፍል ነበራቸው፤ ከእኛ አገር ለሚሄዱትም የጀበርቶች ሪዋቅ ነበራቸው። ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር በዓይኑ አይቶ የጻፈው ታዋቂው የታሪክ ሰው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (በ1753 የተወለደው) ከዚህ ወገን ነው፤ ቅድመ አያቶቹም ሪዋቁን በአለቅነት መርተዋል። ዘይለዒ በሚለው ስም የሚታወቁ የሐነፊ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ) እና የሐዲስ ሊቃውንትም በ14ኛው መቶ ዘመን በካይሮ አስተምረዋል።

ወደ ጊቤ አገር እስልምናን ያመጡት ከጎንደርና ከሌላው ሰሜናዊ ክፍል እየተነሡ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና ፍለጋ የሚወርዱት እነዚሁ ጀበርቲ ነጋዴዎች ናቸው። በዚያው መንገድ ላይ ባሪያም እንደ ሸቀጥ ይነዳ እንደነበር፣ በጅማ የሚገኘው የሒርማታም ገበያ ከዚህ ነጻ እንዳልነበረ መሸፈን አይገባም፤ አል-ዑመሪም ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ ስለ ሐዲያ ሲጽፍ ይህንኑ ንግድ በዝርዝር አስፍሯል። የአያትዎ አባት ከሰሜን የመጡ ከሆነ ከየትኛው መንደር እንደተነሡ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ቤተሰብዎ ውስጥ ሳያልፉ ጠይቀው ቢጽፉት እንመክርዎታለን።

ጥያቄ፦ ቡና ነጋዴ ነኝ። የመካከለኛው ዘመን ዐረቦች ቡና መጠጣት የተማሩት ከእኛ ነው ይባላል። እውነት ነው? (ከጅማ ቡና ገበያ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አዎ፤ የዐረቦቹ ጽሑፍ ራሱ ይመሰክራል። አል-ጀዚሪ የተባለ ጸሐፊ በ1558 ገደማ ስለ ቡና ሕጋዊነት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እንደተረከው፣ በ1470 ገደማ ያረፉት የኤደን (የየመን ወደብ) ዓሊምና ሱፊ አዝ-ዘብሓኒ ባሕሩን ተሻግረው ወደ እኛ ወገን ባለው ምድር በቆዩ ጊዜ ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አይተው ነበር፤ ወደ ኤደን ከተመለሱ በኋላም ታመው ሳለ ትዝ ብሏቸው ቢጠጡት ድካምንና እንቅልፍን የሚያባርር ሆኖ አገኙት። በዐረብኛ ፍሬው እስከ ዛሬ «ቡን» ይባላል። መጠጡ ግን «ቀህዋ» ይባላል፤ ይህ ቃል ቀድሞ በባለቅኔዎች ዘንድ የወይን ጠጅ ስም ስለነበር «ካፌ» የሚለው ቃል ከከፋ መጣ የሚለው የተለመደ አባባል ብዙ ጥንካሬ የለውም። በ1511 ኻኢር ቤግ የተባለ የመምሉኮች ሹም በመካ የሕግ ሊቃውንትን ሰብስቦ ቡናን አስከለከለ፤ ከካይሮ የመጣው ትእዛዝ ግን ክልከላውን አላላው።

ወደ ካይሮ ቡናን ያስገቡት የየመን ደረሶች ናቸው፤ ቦታውም ከላይ ያነሣነው አል-አዝሀር ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መባቻ፣ የሰኞና የዓርብ ዋዜማ በሆኑት ሌሊቶች፣ በየመኖች ሪዋቅ ተሰብስበው ቡናውን በትልቅ ቀይ የሸክላ ዕቃ ያቀርቡ ነበር። አለቃቸው በትንሽ ጭልፋ እየቀዳ ከቀኝ በኩል ጀምሮ በየተራ ያጠጣቸዋል፤ እነርሱም በአንድ ድምፅ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» እያሉ ዚክር (ፈጣሪን ማውሳት) ያደርጋሉ።