ሊገድለው በተፈጠረ ሴል ውስጥ

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረች 2 ወር ሞላት። ሳሉም የሌሊት ላቡም ስለጠፋላት ማቆም ትፈልጋለች። እዚህ ፒያሳ በምትታከምበት ጤና ጣቢያ ያሉት ሲስተር ግን «ባክቴሪያው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ይደበቃል፤ 6ቱን ወር ጨርሺ» ብለዋታል። ጀርም እንዲገድል የተፈጠረ ሴል እንዴት የጀርም መኖሪያ ይሆናል?

መልስ፦ ሲስተሯ የነገሯት ትክክል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ማግኘቱን ያስታወቀው ይህ ባክቴሪያ በትንፋሽ ሳንባ ሲገባ፣ ማክሮፋጅ የተባለው ነጭ የደም ሴል ይውጠውና በትንሽ ከረጢት ውስጥ ያስቀምጠዋል። በወትሮው ከረጢቱ አሲዳማ እየሆነ ሄዶ አፍራሽ ኢንዛይሞችን (የሚፈጩ ፕሮቲኖችን) ከያዘው፣ ላይሶዞም ከተባለው ሌላ የሴሉ ከረጢት ጋር ይዋሃዳል፤ ጀርሙ የሚፈጨውም በዚያን ጊዜ ነው። ውህደቱ እንዲፈጸም ሴሉ በከረጢቱ ገጽ ላይ አንድ የስብ ምልክት ማኖር አለበት። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ይህን ምልክት የሚያጠፋ ኢንዛይም ያመነጫል፤ ሰም መሰል በሆነው ሽፋኑ ላይ ያሉ ስቦችም ምልክቱ ቀድሞውኑ እንዳይኖር ያግዳሉ። ስለዚህ ላይሶዞሙ ሳይደርስ ይቀራል፤ የከረጢቱም አሲድ አይበረታም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ባክቴሪያው በመደበቅ ብቻ አለመወሰኑ ነው። ሴሉ ብረት የሚያመላልስባቸውን ጥቃቅን ከረጢቶች ወደ ራሱ እየሳበ ብረቱን ይወስዳል፤ የሴሉን ኮሌስትሮል ይመገባል፤ ሲበዛም የከረጢቱን ግድግዳ የሚያፈርሱ ፕሮቲኖችን ለቅቆ ሴሉን ይገድልና ወደ ሌላው ይሻገራል። በዚህ ጠባይ ብቻውን አይደለም፦ ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ መርፌ በሚመስል አካል ፕሮቲኖቹን ወደ አንጀት ሴል እያስገባ ሴሉ ራሱ እንዲውጠው ያስገድደዋል፤ ሊስቴሪያ የተባለውም ባክቴሪያ የሴሉን የአክቲን ክሮች (ሴሉን የሚደግፉ የፕሮቲን ክሮች) ከኋላው እያስገነባ በእነርሱ ግፊት ወደ ጎረቤት ሴል ይዘልቃል።

ወደ እህትዎ ስንመለስ፣ ይህ ባክቴሪያ አንድ ጊዜ ለመከፈል 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከመካከሉም መራባቱን ገትቶ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ አለ፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ መድኃኒት በቶሎ አይገድለውም። በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት የወሰደቻቸው 4 መድኃኒቶች በመራባት ላይ የነበረውን አብዛኛውን ባክቴሪያ ስለጨረሱ ሳሉ ቆመላት። ቀጣዮቹ 4 ወራት፣ ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ የሚወሰድባቸው፣ ለተሸሸገው ቅሪት ናቸው። አሁን ብታቋርጥ በሽታው ሊያገረሽባት፣ ከዚያም የከፋው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊይዛት ይችላልና እባክዎ አጠገቧ ሆነው ያበርቷት። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስታወክ ከበረታባት ግን ሳትውል ሳታድር ወደ ሲስተሯ ትሂድ።