የአጎቴን ታሪክ ለምን ቆረጡት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አጎቴ የፊልም ዳይሬክተር ነው፤ ያደገውም እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ። ውክፔዲያ ላይ ታሪኩን ጻፍኩለት። በማግስቱ «አንጋፋው»፣ «ተወዳጁ»፣ «በድሬዳዋ የመጀመሪያው» ያልኩት ሁሉ ወጥቶ፣ የልደት ዓመቱ ላይ «ምንጭ ይጠቀስ» ተብሎ ጠበቀኝ። ዓመቱን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው! ከባለቤቱ በላይ ምን ምንጭ አለ? (የእህቱ ልጅ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ልጄ፣ ንዴትሽ ይገባኛል፤ የቆረጡት ሰዎች ግን ልክ ናቸው።

ኃይሌ ገሪማን «ታላቁ» ብትዪው አንባቢ የሚጨብጠው የለም። ፊልሙ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን ዋና ሽልማት አገኘ ብትዪው ግን ትልቅነቱን አንባቢው ራሱ ይፈርዳል። ሐረር ያደገችው ጄሲካ በሽር ስለ ጫት የሠራችው ፊልም «ፋያ ዳዪ»ም እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ ማለት ይበቃል። «የመጀመሪያው»ን ደግሞ ዘመድ ያልሆነ ሰው ጽፎ ካላሳተመው አንቺ አትበዪው።

አጎትሽ በስልክ የነገረሽን ሌላ ሰው ማጣራት አይችልም። ለሬዲዮ ወይም ለመጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ተናግሮት ከሆነ ለልደት ዓመት የራሱ ቃል ይበቃል፤ ለውዳሴ አይበቃም። በእንግሊዝኛው ገጽ ስታሰፍሪው ዘመን አቆጣጠሩን ተጠንቀቂ። ጋዜጣው «በ1965 ተወለደ» ቢል፣ እስከ ታኅሣሥ 22 ከሆነ በፈረንጁ 1972፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 1973 ነው። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ጻፊ። ሰባትም ስምንትም እያሉ በግምት መደመር ብዙ ገጽ አበላሽቷል።

ምንጭ ማለት ሊንክ ብቻ አይደለም። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ተቀምጦ የሚነበብ የድሮ «አዲስ ዘመን» ከሊንክ አያንስም፤ የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑን፣ ገጹንና የጸሐፊውን ስም መዝግቢ። የፌስቡክ ልጥፍና ማንም ገብቶ የሚሞላው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ አይኤምዲቢ ግን አይቆጠሩም። ፊልሙን የነቀፈ ሂስ ታትሞ ከሆነም፣ ማን እንዳለው ጠቅሰሽ እሱም ይግባ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ።

አንቺ ዘመድ ስለሆንሽ ገጹን ራስሽ አታርሚው። «ውይይት» የሚለው ላይ ገብተሽ የእህቱ ልጅ መሆንሽን ተናገሪ፣ ምንጭሽን አስቀምጪ፣ ሌላ ሰው ያስገባው። የአማርኛው ውክፔዲያ አርታኢ ጥቂት ስለሆነ ሊዘገይ ይችላል። ያናደደሽ ደንብ አጎትሽንም ይጠብቀዋል፤ ነገ አንዱ ተነስቶ «የሰው ድርሰት ሰረቀ» ብሎ ያለ ምንጭ ቢጽፍበት፣ ሳይውል ሳያድር የሚነሳው በዚሁ ደንብ ነው።

እቤቱ የጋዜጣ ቁራጭ ካስቀመጠ ለምኚውና እዪለት። ቀኑ አብሮ ተቆርጦ ከቀረ ገልብጪው፤ ከጀርባው ያለ የጨረታ ወይም የሐዘን ማስታወቂያ ቀን ሊኖረው ይችላል። በዚያ ተነስተሽ የወሩን ጋዜጣ ብታገላብጪ እትሙን ልታገኚው ትችያለሽ።