ራጁ የወገብ መጋጠሚያ ማርጀትን ካሳየ መተኛት ያስፈልጋል ወይ? (መልስ)

አይ፣ እናትዎ አልጋ ላይ መዋል አያስፈልጋቸውም። ራጁ የወገባቸው አከርካሪ መጋጠሚያዎች ማርጀታቸውን ስላሳየ ወደ ቀፊራ ገበያ በእግር መሄዳቸውን ያቁሙ ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ መቀጠል አለባቸው፤ ምክንያቱም ብዙ ቀን መተኛት የወገብን ጡንቻ አድክሞ ሕመሙን ያራዝመዋል እንጂ መጋጠሚያውን አያድነውም።

የታየው ለውጥ በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ወገባቸውን ከማያማቸው የ50 ዓመት ሰዎች መካከል እንኳ 80 በመቶ ያህሉ በኤምአርአይና በሲቲ ስካን ምርመራ የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል) ማርጀት ይታይባቸዋል፤ ስለዚህ የምርመራው ውጤት ብቻውን የሕመሙን መጠን አይናገርም።

ለጊዜው እንዲህ ያድርጉ፦

1. የድሬዳዋ ሙቀት ሳይበረታ፣ ማለዳ 10 ደቂቃ ያህል ይራመዱ፤ ከተስማማቸው ቀስ በቀስ ይጨምሩ።
2. ቆመው ሲቆዩ የሚብስባቸውና ጎንበስ ሲሉ የሚቀላቸው ከሆነ፣ በጀርባቸው ተኝተው ጉልበታቸውን በየተራ ወደ ደረታቸው ቢስቡ ብዙ ጊዜ ያሳርፋል።
3. ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አያንሱ፤ ውሃውን በትናንሽ ዕቃ ከፍለው በሁለት እጃቸው ይያዙ።

በሥራዬ ደጋግሜ የማየውና እጅግ የሚያሳስበኝ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት መዋጥ ነው። ጨጓራን ሊያደማ፣ በተለይም የደም ግፊት ያለበትንና በዚህ ሙቀት ውሃ በሚገባ የማይጠጣን ሰው ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል፣ እባክዎ ሐኪም ሳያማክሩ እንዳይወስዱት ያድርጉ።

ሽንት መሽናት ወይም መቆጣጠር ቢያቅታቸው፣ በመቀመጫቸውና በብልታቸው አካባቢ ቢደነዝዛቸው ወይም እግራቸው ቢዝል ግን፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገዩ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።