የባዮስታቲስቲክስ ማስተርስ ጥናት፦ ከዘዴው በፊት መረጃውን ክፈቺ

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬ በጤና ሳይንስ ነው፤ አሁን በባዮስታቲስቲክስ ማስተርስ ጀምሬያለሁ። የመመረቂያ ጥናቴን በማሽን ለርኒንግ ልሥራው ወይስ በተለመዱት ዘዴዎች? ሒሳቤ ደከም ያለ ነው። የትኛው ይሻለኛል፣ በየትኛውስ ሥራ አገኛለሁ?

መልስ፦ ጥያቄሽን ከኋላው ጀምረሽዋል። መጀመሪያ የጤናው ጥያቄ ይመጣል፤ ቀጥሎ ያንን ጥያቄ ሊመልስ የሚችል መረጃ፤ ዘዴው ከሁለቱ በኋላ ነው። ዘዴውን አስቀድሞ የመረጠ ተማሪ ጥያቄውን ለዘዴው ሲል ሲያጣምም ይገኛል፤ ፈታኞች ደግሞ ይህን ቶሎ ይነቁበታል።

ማሽን ለርኒንግ በዋናነት የትንበያ መሣሪያ ነው። «ይህ ታካሚ ከሆስፒታል ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ ይተኛል ወይ?» ለሚል ጥያቄ ሊሆን ይችላል። «ይህ መድኃኒት ሞትን ይቀንሳል ወይ?» የሚለው ግን የምክንያትና የውጤት ጥያቄ ነው፤ አልጎሪዝሙ የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን ማን መድኃኒቱን ለምን እንዳገኘ ካላወቅሽ መልስ አይሰጥሽም። ትንበያውን ከመረጥሽም፣ ሞዴሉ የታመመውን ካልታመመው መለየቱ ብቻ አይበቃም። 20 በመቶ አደጋ አለባቸው ካላቸው 100 ሰዎች ውስጥ በእርግጥ ወደ 20 የሚጠጉት ታመዋል ወይ የሚለውንም አሳዪ። ብዙ ቲሲስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ርዕስ ከመጻፍሽ በፊት አንድ ቁጥር ፈልጊ፦ የምታጠኚው ክስተት በመረጃው ውስጥ ስንት ጊዜ ደርሷል? 600 ታካሚዎች ኖረውሽ የሞቱት 45 ብቻ ከሆኑ አቅምሽ የሚለካው በ45ቱ ነው። ለአንድ የሞዴል መለኪያ (ሞዴሉ ከመረጃው ለሚገምተው ለአንድ ቁጥር) ቢያንስ 10 ክስተት የሚለው የቆየ ልማድ ሻካራ ነው፤ አሁን ከዚያ የተሻሉ ስሌቶች አሉ። ቢሆንም ለመጀመሪያ ግምት ይረዳል፦ 45 ሞት 4 መለኪያ ቢሸከም ነው። አራት ደረጃ ያለው የትምህርት ተለዋዋጭ ብቻውን 3 መለኪያ እንደሚበላም አትርሺ። 12 ተለዋዋጭ ልታስገቢ ካሰብሽ ወይ ሌላ መረጃ ፈልጊ ወይ ጥያቄውን አጥብቢ። በዚህ ደረጃ ግን የምትቆጥሪው ክስተቱን ብቻ ነው። የትኛው ተለዋዋጭ ከሞት ጋር እንደሚዛመድ ማየት ከጀመርሽ መላምትሽ ከውጤቱ በኋላ የተጻፈ ይሆናል።

አዲስ መረጃ የምትሰበስቢ ከሆነ 384 የሚለውን ቁጥር ከሌላ ሰው ፕሮፖዛል እንዳትገለብጪ። ያ ቁጥር የሚወጣው ስርጭቱን 50 በመቶ፣ የስህተት ህዳጉን 5 በመቶ፣ ኮንፊደንስ ደረጃውን 95 በመቶ አድርገሽ አንድን ምጣኔ ለመገመት ስትነሺ ነው። ሁለት ቡድን ለማነጻጸር አልተሠራም። ሰዎቹ በመንደር ወይም በክሊኒክ ተሰባስበው የሚመረጡ ከሆነም ይጨምራል፦ ከአንድ ክላስተር (ከአንድ መንደር ወይም ክሊኒክ) 25 ሰው ወስደሽ በክላስተሩ ውስጥ ያለው ተመሳሳይነት 0.05 ቢሆን ዲዛይን ኢፌክቱ (ናሙናው የሚባዛበት ቁጥር) 1 + 24 × 0.05፣ ማለትም 2.2 ነው። 384ቱ ወደ 845 አደገ ማለት ነው፤ ያውም መልስ ለማይሰጡት ሳይጨመር።

ትንተናው ላይ ደጋግመው የሚታዩ ጥፋቶች አሉ። ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ውጤቱ አዎ ወይም አይ ሲሆን የሚሠራ ሞዴል) ሠርቶ ኦድስ ሬሾን (የደረሰባቸው ላልደረሰባቸው ተካፍሎ በሁለት ቡድን ሲነጻጸር) እንደ ሪስክ ሬሾ (የአንዱ ቡድን አደጋ ለሌላው ሲካፈል) ማንበብ አንዱ ነው። ውጤቱ በአንዱ ቡድን 60 በመቶ፣ በሌላው 40 በመቶ ከታየ ሪስክ ሬሾው 1.5 ነው፤ ኦድስ ሬሾው ግን 2.25። «ከእጥፍ በላይ አደጋ» ብለሽ ብትጽፊ ሐሰት ነው። ክስተቱ ብርቅ ካልሆነ ሪስክ ሬሾን በቀጥታ የሚሰጥሽን ፖይሰን ሪግሬሽን ከሮበስት ስታንዳርድ ኤረር (የሞዴሉ ቅድመ ግምት ቢጣስም ከሚያገለግል የስህተት ልኬት) ጋር ተጠቀሚ። ዕድሜን ወይም የደም ግፊትን ከመካከለኛው ዋጋ ላይ ለሁለት መቁረጥም መረጃ ማባከን ነው፤ ከናሙናሽ አንድ ሦስተኛውን ከመጣል የሚስተካከል አቅም ታጫለሽ። እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ለብቻው ፈትሾ ፒ-ቫልዩው (ግንኙነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የሚታይበት ዕድል) ከ0.25 በታች የሆነውን ብቻ ማሳለፍ በጣም የተለመደ ነው፤ እኔ አልመክረውም። አንድ ኮንፋውንደር (ከምክንያቱም ከውጤቱም ጋር ተያይዞ ግንኙነታቸውን የሚያዛባ ነገር) ለብቻው ሲታይ ምንም የማይመስልበት ጊዜ አለ። ከዚያ ይልቅ ምን ምንን እንደሚያመጣ በቀስት የሚያሳይ ንድፍ ከትንተናው በፊት ሳዪ፤ የትኛውን ማስተካከል እንዳለብሽ፣ የትኛው ደግሞ በምክንያቱና በውጤቱ መንገድ መሃል ስላለ መነካት እንደሌለበት ከንድፉ ታያለሽ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጊዜ ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ውጤቱ ያማረ ሆኖ ይወጣል። ከምርመራ በኋላ ያለውን የመትረፍ ጊዜ ስታጠኚ «መድኃኒቱን የወሰዱ» እና «ያልወሰዱ» ብለሽ ለሁለት ከፈልሽ እንበል። መድኃኒቱ የሚጀመረው ከምርመራው 3 ወር ገደማ በኋላ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ወር የሞተ ሰው የመውሰድ ዕድል ስላላገኘ በግድ «ካልወሰዱት» ጋር ተቆጠረ። የወሰዱት ደግሞ ቢያንስ እነዚያን 3 ወራት በሕይወት ቆይተዋል፤ ባይቆዩ ኖሮ ወሳጅ አይባሉም ነበር። ምንም የማይሠራ መድኃኒት በዚህ አቆጣጠር ሕይወት አዳኝ መስሎ ይታያል። መፍትሔው እያንዳንዱን ሰው መድኃኒቱን እስኪጀምር ድረስ ካልወሰዱት፣ ከጀመረ በኋላ ከወሰዱት ጋር መቁጠር ነው። ወይም ቆጠራውን ከ3ኛው ወር ጀምረሽ በዚያ ቀን በሕይወት ያሉትን ብቻ፣ በዚያ ቀን ባላቸው ሁኔታ ትከፍያለሽ። የመትረፍ ጊዜን የሚተነትነው የኮክስ ሞዴል (1972) የመጀመሪያውን መፍትሔ ያስተናግዳል፤ ሞዴሉን ማስኬዱ ቀላል ነው፣ መረጃውን በሰውና በጊዜ ከፋፍሎ ማደራጀቱ ነው ቀናት የሚወስደው።

የሒሳቡ ነገር እንዳሰብሽው አስፈሪ አይደለም። ካልኩለስ እስከ ብዙ ተለዋዋጭ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ፕሮባቢሊቲ፤ እነዚህ ላይክሊሁድን (ያየሽው መረጃ ከአንድ የሞዴል ዋጋ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የሚለካውን) ለመረዳት ይበቃሉ። አዲስ ዘዴ መፈልሰፍ ካልፈለግሽ ሌላውን እየሠራሽ ታሟያለሽ። ለማሟያ ከሁሉ የምመርጠው ሲሙሌሽን ነው። እውነተኛውን ኮኤፊሸንት (የአንድ ተለዋዋጭን ተጽዕኖ መጠን) ራስሽ ወስነሽ 1,000 የመረጃ ስብስብ በኮምፒውተር አመንጪ፣ በእያንዳንዱ ላይ ሞዴሉን አስኪጂ፣ ከዚያ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ (ግምቱ ከነጥርጣሬው የሚሰጠው ክልል) እውነተኛውን ዋጋ ስንት ጊዜ እንዳቀፈ ቁጠሪ። ከ936 እስከ 964 ባለው ውስጥ ከወደቀ ደህና ነው። 870 ከወጣ ከሞዴሉ ቅድመ ግምቶች አንዱ ተጥሷል፤ ብዙ ጊዜ ሰዎቹ በክላስተር መያያዛቸው ተረስቶ ነው። ከመጽሐፍ አንብበሽ ያልገባሽ ነገር እዚህ ላይ ይገባሻል።

ጊዜሽን ስታቅጂ የሥነ ምግባር ፈቃድን እና የመረጃ ፈቃድን በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ። ትንተናው እንደ ፈቃዱና እንደ ማጽዳቱ አያጓትትም። የጎደለ መረጃ ያለባቸውን ሰዎች ዝም ብለሽ አትጣዪ፤ ማን እንደጎደለና ለምን እንደጎደለ በሠንጠረዥ አሳዪ፣ ከዚያ መልቲፕል ኢምፒዩቴሽን (የጎደለውን ደጋግሞ በተለያየ ግምት መሙላት) ያስፈልግ እንደሆነ ወስኚ።

ስለ ሥራ ደግሞ፦ የመድኃኒት ሙከራ ላይ መግባት ከፈለግሽ ሳስ (SAS) የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር አሁንም በሰፊው ይጠየቃል፤ አር (R) ከጎኑ ይጠቅማል። ስለ መድኃኒት ሙከራ ስታቲስቲክስ የወጣውን ዓለም አቀፍ የአይሲኤች ኢ9 መመሪያን (1998) እና ስለ ኢስቲማንድ (ሙከራው በትክክል ሊገምተው ስለሚፈልገው ውጤት) በ2019 የተጨመረለትን አንብቢ፤ የቃለ መጠይቅ ጥያቄ ከዚያ ይመጣል። በሕዝብ ጤና ተቋማትና በምርምር ማዕከላት አር ወይም ስታታ (Stata) ይበቃል። በሁለቱም በኩል ቀጣሪው የሚፈልገው አንድ ነው፦ ትንተናው ከመጀመሩ በፊት የተጻፈ የትንተና ዕቅድ እና ሌላ ሰው ሲያስኬደው ያንኑ ሠንጠረዥ የሚያወጣ ኮድ። የታካሚዎችን መረጃ ለማንም ማሳየት ስለማትችዪ፣ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ሰው ሠራሽ መረጃ አመንጭተሽ ኮድሽን በእሱ ላይ አስኪጂና ያንን አሳዪ። ለሲሙሌሽኑ የጻፍሽው ኮድ ግማሹን ሥራ ጨርሶልሻል።