ደመወዝ ማውራት ምስጢር ማውጣት ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «የድርጅቱን ማንኛውንም መረጃ ለማንም አልናገርም» የሚል ወረቀት አስፈርመውናል ብለሻል። ደመወዝ ዘግይቶ በቴሌግራም ግሩፓችሁ ስለተነጋገራችሁ «ምስጢር አውጥታችኋል» እየተባላችሁ ነው። ሊያባርሩን ይችላሉ ወይ ነው ጥያቄሽ። «ፈርመሻል፣ አለቀ» ያሉሽ አሉ። አላለቀም። እዚሁ ሀዋሳ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ እንዲህ ዓይነት ወረቀት በብዛት አይቻለሁ። አብዛኞቹ ከኢንተርኔት የወረዱ ናቸው፤ እንደውም አንዱ ላይ የሌላ ድርጅት ስም ሳይጠፋ ቀርቶ ነበር።

የደንበኛ ዝርዝር፣ የጨረታ ዋጋ፣ የገዢ ዲዛይን፣ ፓስወርድ፣ ይሄ ሁሉ የድርጅቱ ነው። እሱን ብታወጪ ቢጠይቁሽ እውነት አላቸው። ደመወዝሽ ግን ያንቺ ጉዳይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው ክፍያውንና ተቀናሹን የሚያሳይ መዝገብ መያዝ አለበት፤ ሠራተኛው ሲጠይቅም ያሳያል፣ ያብራራል። ደግሞ ስንቱ ድርጅት ነው ደመወዝ ምስጢር ነው እያለ ሁሉንም ሠራተኛ አንድ ፔሮል ላይ የሚያስፈርመው! ከስምሽ በላይና በታች ያለው ሰው ስንት እንደሚያገኝ፣ ብድር ስንት እንደሚቆረጥበት ሳይቀር እያየሽ ነው የምትፈርሚው።

ለናንተ ዋናው የዚሁ አዋጅ አንቀጽ 26 ነው። ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኛን ለማባረር ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉትን ይዘረዝራል። የማኅበር አባል መሆን አንዱ ነው። በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብና በክርክር መሳተፍም እዚያው አለ። በነዚህ ምክንያት ለተባረረ ሰው አንቀጽ 43 ወደ ሥራው የመመለስ መብት ይሰጠዋል። የሥራ ውል ደግሞ ሕጉ ከሰጠው በታች ማውረድ አይችልም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው «ለማንም» ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮን ወይም ፍርድ ቤትን ሊጨምር አይችልም።

አሁን የማይጥምሽን ልንገርሽ። ብዙ ሰው ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ሐሳብን በነፃነት መግለጽ ተፈቅዷል ይልና ሥራ አስኪያጁን ፌስቡክ ላይ «ሌባ» ይለዋል። አንቀጹ አለ፣ ልክ ነው። ግን ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 ያስከስሳል። «ደመወዝ አልተከፈለንም» ብትይ ማስረጃ አለሽ። «ሌባ» ላልሽው ምን ታቀርቢያለሽ?

ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች። የተበላሸ ፋን በስልኳ ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ሙቀቱ የምር አይቻልም ነበር። ከፋኑ ሥር ግን ገና ገበያ ያልወጣ የገዢ ናሙና ጃኬት ተሰቅሏል፤ መለያው ሳይቀር ይነበባል። ከዚያ በኋላ ስለ ፋኑ ያወራ ሰው የለም። ማስጠንቀቂያው የመጣባት በጃኬቱ ነው፤ እኛም መከራከሪያ አጠረን። ያንኑ ፋን ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አሳይታ ቢሆን አንቀጽ 26 ከጎኗ ነበር።

የናንተ ግሩፕ መሃል ላይ ያለ ነገር ነው። እርስ በርስ ስለ ደመወዝ ማውራት ምስጢር ማውጣት ነው ብዬ አላምንም። ግን አዋጁ በስም የጠቀሰው ቅሬታን ነው፤ የግሩፕ ወሬ ቅሬታ አይደለም ብለው ሊከራከሩ ይችላሉ። ስለዚህ ቶሎ በማመልከቻ አድርጉት። ሁላችሁም ፈርሙበት፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ ኮፒው ላይ ቀንና ማኅተም አስመቱ። የግሩፑን ወሬ ስክሪንሾት ማን አወጣው እያላችሁ ደግሞ አትጣሉ። ሁሌም አንድ የሚያወጣ አይጠፋም።

ካባረሩሽ ምክንያቱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይቀራል፤ «ይደውሉልኝ ይሆናል» እያልሽ አትቀመጪ። ለሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለም።

አዋጁ የሚሠራው ለግል ድርጅትና ለመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኛ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሌላ አዋጅ አለው። የሥራ መሪም በ1156 አይሸፈንም። አንቺ ደግሞ «ሱፐርቫይዘር ነኝ» ብለሻል። የሚታየው ማዕረጉ ሳይሆን ሥልጣንሽ ነው፤ ሰው መቅጠር ወይም ማሰናበት ትችያለሽ? የቅጥር ደብዳቤሽንና የሥራ ዝርዝርሽን አይተሽ እሱን ጻፊልኝ።