መልስ፦ ጃክሰን በልጦ ሳለ አዳምስ እንዴት ፕሬዚዳንት ሆነ?

እ.ኤ.አ. በ1824ቱ የአሜሪካ ምርጫ አንድሩ ጃክሰን ብዙ ድምፅ አግኝቶ እንዴት በጆን ኩዊንሲ አዳምስ ተሸነፈ ላሉት፦ መብለጥና ከግማሽ በላይ ማግኘት ስለሚለያዩ ነው። የወኪል መራጮች (ፕሬዚዳንቱን እንዲመርጡ በየግዛቱ የሚሰየሙ ሰዎች) ድምፅ በጠቅላላው 261 ነበር፤ ለማሸነፍ 131 ያስፈልጋል። ጃክሰን 99፣ አዳምስ 84፣ ዊልያም ክሮፎርድ 41፣ ሄንሪ ክሌይ 37 አገኙ። ለማንም አልሞላለትም።

እንዲህ ሲሆን በሕገ መንግሥቱ 12ኛ ማሻሻያ መሠረት ምርጫው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሚቆጠረው የእያንዳንዱ እንደራሴ እጅ አይደለም። ግዛቱ ትልቅም ሆነ ትንሽ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። በወቅቱ ከነበሩት 24 ግዛቶች 13ቱን ማግኘት ግድ ነበር፤ የሚቀርቡትም የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዕጩዎች ብቻ ናቸው። ክሌይ አራተኛ ስለሆነ ወደቀ፤ ግን የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ እሱው ነበርና ክብደቱን ለአዳምስ ሰጠ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1825 በተሰጠው ድምፅ አዳምስ ልክ 13 ግዛት አገኘ፤ ጃክሰን 7፣ ክሮፎርድ 4። የክሌይ ግዛት የኬንታኪ የራሷ ምክር ቤት በተወካዮች ምክር ቤት ያሉ እንደራሴዎቿ ጃክሰንን እንዲመርጡ ቢጠይቅም እነሱ ግን 8 ለ4 ሆነው አዳምስን መረጡ!

አዳምስ ወዲያው ክሌይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። በሁለቱ መካከል የተጻፈ ውል ባይገኝም፣ በእኔ ግምት ከዚህ የባሰ የፖለቲካ ስህተት አልሠራም፤ ሹመቱ ለክሌይ ድጋፍ የተከፈለ ዋጋ ነው የሚለው የ«ሙስና ድርድር» ክስ አራት ዓመት ሙሉ አልለቀቀውም። በ1828 ጃክሰን 178 ለ83 አሸነፈው።

«ሕዝቡ የመረጠው ጃክሰንን ነው» የሚለውንም በጥንቃቄ ይያዙት። ኒው ዮርክን ጨምሮ በ6 ግዛቶች ወኪል መራጮቹን የሰየመው የግዛቱ ምክር ቤት እንጂ ሕዝቡ አልነበረም።